የእንቁራሪት እጭ ለሚያሳድጉ መምህራን

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር በመስታወት ገንዳ ካሳደግናቸው የእንቁራሪት እጮች መካከል ስምንቱ፣ አራት እግር አውጥተው ጅራታቸው ማጠር ከጀመረ በኋላ፣ በአንድ ሌሊት ሞተው አደሩ። ውሃው ንጹሕ ምግቡም በቂ ስለነበር ምክንያቱን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሰጥመው ነበር። ይህን የምጽፈው ሌሎች መምህራን ተመሳሳይ ስሕተት እንዳይሠሩ በማሰብ ነው።

እጭ ከእንቁላል ሲፈለፈል እንደ ዓሣ በስንጥብ ይተነፍሳል፤ አልጌ እየፋቀ ስለሚመገብ አንጀቱ ረጅም ነው። ገንዳውን ከሥር ቀና ብሎ ላየ ሰው፣ በሆዱ ስስ ቆዳ ውስጥ እንደ ሰዓት ሞላ ተጠምጥሞ ይታያል። በመጀመሪያ የኋላ እግሮቹ ይወጣሉ። የፊቶቹ ግን ስንጥቡን በሸፈነው ቆዳ ሥር ተደብቀው ስለሚያድጉ፣ ክርኑ ቆዳውን ገፍቶ ጉብ ሲል ካልተመለከትን በስተቀር ድንገት የበቀሉ ይመስለናል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከዚህች ቀን ጀምሮ ነው። ስንጥቡ እየጠፋ እንስሳው አየር ለመተንፈስ በሳንባው ላይ ስለሚመካ፣ የሚወጣበት ደረቅ ቦታ ካጣ ይሰጥማል። ስለዚህ የውሃው መጠን ተቀንሶ፣ ተዳፋት ያለው ድንጋይ ሊገባለትና ገንዳው በወንፊት ሊከደን ይገባል። አፉ እየሰፋ አንጀቱም እያጠረ በሚለወጥባቸው በእነዚያ ቀናት መብላት ያቆማል፤ ታመመ ብሎ ምግብ መጨመር ውሃውን ከማበላሸት ሌላ ጥቅም የለውም። በእነዚያ ቀናት የሚኖረው ከጅራቱ በሚያገኘው ምግብ ነው። ብዙ ልጆች ጅራቱ ተቆርጦ የሚወድቅ ስለሚመስላቸው፣ ቀስ በቀስ ወደ ሰውነቱ እንደሚመጠጥ በዓይናቸው ቢያዩት እመኛለሁ።

ለውጡን የሚመራው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ነው። ጉደርናች የተባለው ተመራማሪ በ1912 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው ጥናት፣ ይህንኑ ዕጢ የተመገቡ እጮች ያለ ዕድሜያቸው ተለውጠው እጅግ ትንንሽ እንቁራሪቶች ሆነዋል። ሙቀትም ዕድገቱን ስለሚያፈጥነው፣ የአንዱን ገንዳ ቀን በሌላው መለካት አይቻልም።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ገንዳው ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ክዳን በሌለው ዕቃ ተቀድቶ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። በመጨረሻም እንቁራሪቶቹ የሚለቀቁት እንቁላሉ በተወሰደበት ኩሬ ብቻ እንዲሆን አጥብቄ እለምናለሁ፤ ኪትሪድ የተባለው ገዳይ የቆዳ ፈንገስ ከቦታ ቦታ በሚዛወሩ እንቁራሪቶችና በውሃቸው ይዛመታልና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥነ ሕይወት መምህር