«ሳይንስ ፈጣሪን አረጋገጠ» አትበሉን

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን መግዛት ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ደብዳቤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈኝ ባለፈው እሁድ «ሳይንስ ፈጣሪን አረጋገጠ» በሚል ርዕስ ያወጣችሁት ገጽ ነው። አንብቤ ስጨርስ ቡናዬ ቀዝቅዞ ነበር።

አስቀድሜ ልናገር፣ አማኝ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው። እሁድ ስምንት፣ ሰኞ አንድ፣ ማክሰኞ ሦስት እያልን ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት በቃላችን የያዝን ልጆች ነን። በኋላ ፊዚክስ ተማርኩና ሠላሳ ዓመት ገደማ ሁለተኛ ደረጃ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ እምነት ለመንካት ብሎ ነው የሚለኝ እንዳይኖር። እንዲያውም የተናደድኩት ለእምነቱም ብዬ ነው።

የጽሑፋችሁ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። የተፈጥሮ ሕግጋት ቁጥሮች ትንሽ ቢዛነፉ ኖሮ ሕይወት አይኖርም ነበር። ስለዚህ ያስተካከላቸው አለ። ስለዚህ ሳይንስ ፈጣሪን አረጋገጠ። የመጀመሪያው በአብዛኛው ልክ ነው። ሁለተኛውን እኔም አምነዋለሁ። ሦስተኛው ግን ከየት መጣ?

ምሳሌ ያደረጋችሁት ካርቦንን ነው። ምሳሌው ጥሩ ነበር፣ ግን ታሪኩን ግማሹን ቆርጣችሁ ጣላችሁት። ቀሪውን እኔ ልጨምርበት።

ካርቦን በሥጋችን፣ በጤፉ፣ በከሰሉ ውስጥ ያለ ነገር ነው። የሚሠራው በኮከቦች ሆድ ውስጥ፣ ሦስት የሄሊየም ኒውክለሶች (የአቶም እምብርቶች) ሲጋጠሙ ነው። ችግሩ፣ መጀመሪያ ሁለቱ ተጋጥመው የሚሠሩት ቤሪሊየም 8 ወዲያው ይፈርሳል፤ ዕድሜው ከሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ እንኳ እጅግ ያነሰ ነው። በዚያች ቅጽበት ሦስተኛው ካልደረሰ አለቀ። በዚህ ስሌት ካርቦን በዓለም ላይ ብርቅ መሆን ነበረበት፤ ግን ይኸው ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1953 እንግሊዛዊው የኮከቦች ተመራማሪ ፍሬድ ሆይል አሜሪካ፣ ካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ሄደና ካርቦን 12 ውስጥ 7.65 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የአቶም ዓለም የኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ ማንም ልብ ያላለው የኃይል ደረጃ መኖር አለበት፣ ያ ደረጃ ካለ ግጥሚያው ይሳካል፣ ለኩልኝ እያለ የዊሊያም ፋውለርን ቤተ ሙከራ ሰዎች ነዘነዛቸው። መጀመሪያ ላይ ብዙም አላመኑትም። ለኩት። አለ!

ይህን ክፍል ሳስተምር ሁልጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። እኔንም እስካሁን ይገርመኛል።

ጽሑፋችሁ ታዲያ «ሆይል፣ እኔ በሕይወት ስላለሁ ይህ ደረጃ መኖር አለበት ብሎ አሰበ» ይላል። ደስ የሚል ወሬ ነው። ግን በ1953 ሆይልን ያስጨነቀው ሕይወት አልነበረም፤ ኮከቦች ይህን ሁሉ ካርቦን እንዴት አመረቱት የሚለው ነበር። ቁጥሩን ከሕይወት ጋር ማያያዙ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። «በፀጉር ያህል ቢዛነፍ» ያላችሁትም ተጋኗል። እ.ኤ.አ. በ1989 ተመራማሪዎች ያንን ደረጃ በ60 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ አድርገው የኮከቦችን ስሌት ቢሠሩት የካርቦኑ መጠን ያን ያህል አልተለወጠም። በእጅጉ የቀነሰው ጭማሪውን ወደ 277 ሺህ ሲያደርሱት ነው። በሩ ጠባብ ነው፣ የመርፌ ቀዳዳ ግን አይደለም።

ደግሞ ሆይል ማን እንደነበር አልነገራችሁንም። ሰውየው ሃይማኖት የሌለው ሰው ነበር። ጽንፈ ዓለም ከአንድ ታላቅ ፍንዳታ ጀመረ ለሚለው ሐሳብ «ቢግ ባንግ» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1949 በቢቢሲ ሬዲዮ ያወጣው እሱ ነው፤ ሐሳቡን ራሱን ግን እስኪሞት ድረስ አልተቀበለውም። ጅማሬ ያለው ዓለም የሃይማኖት ሽታ ሸተተው። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ ሸምገል ካለ በኋላ፣ አንድ ከእኛ የላቀ አእምሮ በፊዚክሱ ውስጥ እጁን ያስገባ ይመስላል ብሎ የጻፈው። እናንተ የወሰዳችሁለት ይህቺን ብቻ ነው። (በነገራችን ላይ ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1983 ኖቤል ሲሸለም ሆይልን ዘለሉት። ይህ ሌላ ጉድ ነው፣ ልተወው።)

ጅማሬውን ያሰሉት ሰው ግን ቄስ ነበሩ። ቤልጅየማዊው ካቶሊክ ዦርዥ ለሜትር። እ.ኤ.አ. በ1927 ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን በስሌት ጻፉ፣ በ1931 ደግሞ ሁሉም ከአንድ ጥንታዊ «አቶም» ተነሣ አሉ። አንስታይን እንኳ መጀመሪያ አልተዋጠለትም። ሃያ ዓመት አልፎ፣ በኅዳር 1951፣ የሮሙ ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ለሳይንስ አካዳሚያቸው ሲናገሩ፣ አዲሱ ሳይንስ «ብርሃን ይሁን» ለተባለባት ቅጽበት ምስክር እየሆነ ነው የሚል መንፈስ ያለው ንግግር አደረጉ። ቄሱ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፣ አይደል? የገዛ ሥራቸው በገዛ ጳጳሳቸው አፍ!

ደስ አላላቸውም። ከቫቲካን የኮከብ ምርምር ኃላፊ ከኦኮኔል ጋር ሆነው ነገሩ እንዳይደገም አሳሰቡ። በሚቀጥለው ዓመት ጳጳሱ ሮም ለተሰበሰቡ የዓለም የሥነ ፈለክ ሰዎች ሲናገሩ ያንን ነገር አላነሱትም። ለሜትር ቲዎሪያቸው ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው፣ አማኙም ኢ-አማኙም እንዳሻው ይኑርበት ባይ ነበሩ። አስቡት እስቲ፣ ያኔ ቢግ ባንግ ገና ግምት ነበር። የፍንዳታው ቅሪት የሆነው ጨረር የተገኘው በ1965 ነው፤ ለሜትርም ወሬውን የሰሙት በ1966 ሊሞቱ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። በ1951 ግን ዓለም ጅማሬ የለውም የሚለው የሆይል ወገን ሊያሸንፍ ይችል ነበር። ቢያሸንፍስ? ጳጳሱ ምን ሊሉ ነው?

ይህን ነገር እኔ የተማርኩት ግን ከለሜትር አይደለም። ማስተማር እንደጀመርኩ፣ ለእረፍት አገር ቤት ስሄድ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝን የኔታን (ነፍሳቸውን ይማረው) ልጠይቃቸው ገባሁ። አፌ አላርፍ አለ። «የኔታ፣ ሳይንሱ እኮ ፈጣሪ መኖሩን በቁጥር አገኘው!» አልኳቸው። የካርቦኑን ነገር እንደምንም አስረዳኋቸው። ቁጭ ብለው አዳመጡኝ። ከዚያ «ቁጥሩን ማን ለካው?» አሉ። «ሰዎች ናቸው፣ የኔታ።» «ነገ ደግመው ቢለኩትና ሌላ ቢሆንስ፣ ልጄ? እኛ ቅዳሴ ልናቆም ነው?» ዝም አልኩ። እሳቸው ቡና ድገም አሉኝ።

ከወዲያ ማዶ ያሉት፣ ፈጣሪ አያስፈልግም ባዮቹም ቢሆኑ አይሻሉም። ጽሑፋችሁን ለአንድ የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም ብልክለት ወዲያው ደወለና «ቲቸር፣ ዩኒቨርስ ብዙ ነው፣ አለቀ» አለኝ። አላለቀም አልኩት። ሐሳቡን በቀላሉ ልግለጸው። የትውልድ መንደሬ ምንጭ አጠገብ ናት። ምንጩ ለመንደሩ ሲል ፈለቀ የሚል የለም፤ ሰው ውሃ ያለበትን አይቶ ሰፈረ እንጂ። ዩኒቨርሶችም እልፍ ከሆኑ፣ አብዛኞቹ ደረቅ ከሆኑ፣ እኛ ራሳችንን የምናገኘው መቼም ምንጩ ዘንድ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ዋይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1987 በዚሁ መንገድ አስቦ፣ ባዶ ቦታ ውስጥ ያለው ኃይል በጣም ትልቅ ቢሆን ጋላክሲዎች አይፈጠሩም ነበር፣ ስለዚህ ትንሽ ነው፣ ዜሮ መሆኑ ግን ግድ አይደለም አለ። በ1998 የሩቅ ኮከቦችን ፍንዳታ ያጠኑ ሰዎች የጽንፈ ዓለሙ መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑን አገኙ፤ ያ ኃይል ዜሮ አልነበረም። ጎበዝ ነው።

ብቻ አንድ ነገር አለ። የመንደሬን ደረቅ ኮረብቶች እኔ በእግሬ ወጥቼባቸዋለሁ። ሌሎቹን ዩኒቨርሶች ማን አያቸው? ተማሪዬን ይህን ስጠይቀው «ሒሳቡ ያሳያል» አለኝ። እንግዲህ እሱም እመነኝ እያለኝ ነው።

«ለሕይወት የተመቸ ዓለም» የሚለው አነጋገራችሁም ቢሆን ቆም ብሎ ማየት ይፈልጋል። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አፋር ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ዳሎል አለ። ውሃ አለው፣ ሙቀት አለው፣ ቀለሙ ደግሞ ሰው የቀባው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ቡድን እጅግ ጥቃቅን ነፍሳት አገኘሁ አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ጨውና አሲዱ ከልክ ያለፈባቸውን ኩሬዎች መርምሮ ምንም ሕይወት የለም አለ። እዚሁ ምድር ላይ፣ ደጃችን፣ ውሃ እያለ ሕይወት አለ የለም እያልን የምንከራከርበት ኩሬ አለ ማለት ነው። የቀረው ጽንፈ ዓለም ደግሞ በአብዛኛው ባዶ ነው፤ ቅዝቃዜውም ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ይደርሳል። ይህን ስታዩ «ተመቸ» የሚለው ቃል ትንሽ አይከብዳችሁም? እኔ ይከብደኛል፤ እሁድ ጠዋት ግን አሁንም ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ።

አንድ እርማት ብቻ ልለምናችሁ። ጽሑፉን ያጀባችሁበት ፎቶ እ.ኤ.አ. በ1933 ካልቴክ ውስጥ የተነሣ ነው። ሥሩ ላይ «አንስታይን ከባልደረቦቹ ጋር» ብላችኋል። በአንድ በኩል ያለው ሮበርት ሚሊካን ነው። መሃል ላይ የቆሙት፣ የቄስ ኮሌታ ያደረጉት፣ ዦርዥ ለሜትር ናቸው። በሚቀጥለው እትም ስማቸውን ጻፉላቸው።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር፣ ከደሴ