ይድረስ ለአባባ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔና ልጆቹ ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

በደወልሁ ቁጥር «መኪና ገዛሽ ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ እኔም ወሬውን ወደ ልጆቹ እያዞርሁ አልፋለሁ። አልገዛሁም፣ አባባ። እኔ ያለሁባት የካናዳዋ ኪችነርና ጎረቤቷ ዋተርሉ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አዲስ አበባ ላይ አብረን የተሳፈርንበትን የመሰለ፣ 19 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር ስላላቸው ቤቴንም ሥራዬንም ከሐዲዱ አጠገብ አድርጌ እኖራለሁ። ከሐዲዱ ለራቀ ሰው ግን ከተማዋ የተሠራችው ለባለ መኪና ነው፤ በተለይ በብርዱ ወራት ጠራጊው ተሽከርካሪ ከአስፋልቱ የገፋውን በረዶ ፌርማታው ዳር ስለሚከምረው፣ ትንሿን ልጄን ታቅፌ ክምሩን የምሻገርበት ቀን አለ። አውቶቡሱ ሲደርስ ሾፌሩ ከሥሩ ያለውን አየር ለቅቆ አውቶቡሱን በበሩ በኩል ዝቅ ያደርግልናል፤ ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እርስዎ ቢሆኑ ከሥሩ ገብተው ያዩት ነበር እላለሁ።

ወንድሜን ገና በዐሥር ዓመቱ፣ ኤንትሬው ከአሰብ ተመልሶ ግቢ ሲቆም፣ ጭንዎ ላይ አስቀምጠው መሪ ያስይዙት ነበር። እኔ ስለምንዎ ግን «መሪ ለሴት ልጅ ምኗ ነው» አሉኝ። ይኸው በዚህ አገር የመንገድ ፈተናውን ሁለት ጊዜ የወደቅሁት፣ መሪውን ስጨብጥ ያ ቃል እየመጣብኝ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ይቅር ብያለሁ ለማለት ፈልጌ ነበር፤ ገና አልቻልሁም።

ይህን ሁሉ የማወራው ሌላውን መናገር ፈርቼ ነው። እኅቴ የቮልሷን ቁልፍ የደበቀችው እኔ ነግሬያት ነውና እሷን አይቀየሟት። ግላኮማው የጎን ዕይታዎን እየወሰደው ስለሆነ ከግራ የሚታጠፈውን ባጃጅ አያዩትም፤ ይህን እያሰብሁ ሌሊት እባንናለሁ። ዕድሜውን ሙሉ መሪ ጨብጦ ለኖረ ሰው የሌላ መኪና መጠበቅ እንደሚከብድ አላጣሁትም፤ እኔም እሑድ ማለዳ አውቶቡሱ ዘግይቶ ስለሚጀምር ለቅዳሴ የወዳጅ መኪና እየጠበቅሁ በር ላይ እቆማለሁ።

የዓይን ጠብታውን ማታ ማታ አይርሱ። ለባለ ባጃጁ ልጅ የወሩን ከፍያለሁ፤ እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ደጅ ላይ ይጠብቅዎታል። እባክዎ አይመልሱት።

ልጅዎ