ክብደቴ አልቀንስ ሲለኝ ላልተዋችሁኝ ሁሉ

ለቤተሰቦቼ፣ ለጎረቤቶቼ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለተማሪዎቼና ለወላጆቻቸው፤

ባለፈው ሐሙስ የስኳር ምርመራ ውጤቴን ይዤ ከጤና ጣቢያው ስወጣ መንገዱን እንዴት እንዳቋረጥኩ አላውቅም። ቤት እንደገባሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ፈለግኩ። ይህን ደብዳቤ ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት በስኳር ሕመም ሆስፒታል ያስገባኝን ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክፍል ውስጥ የነበሩት ልጆቼ በዓይናቸው አይተዋል። ያንን ቀን ደግሜ አላነሳውም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የስኳር ምርመራ ውጤቴ ከ9.1 ወደ 6.4 በመቶ ወርዷል። ክብደቴም ከ94 ኪሎ 83 ደርሷል። 14 ወር ፈጅቷል። ሰው ሁሉ "እንዴት ቀነስሽ?" ይለኛል። እኔ ግን ዛሬ መናገር የምፈልገው አልቀንስ ሲለኝ ማን እንደያዘኝ ነው። ከ14ቱ ወር አብዛኛው እንደዚያ ነበርና። ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይቆማል። ደግሞ ይወጣል።

መጀመሪያ አንድ ልጅ አለ። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ስድስት ኪሎ፣ ከሰማዕታት ሐውልቱ ዝቅ ብሎ መንገድ ዳር ሚዛን ይዞ የሚቆመው ልጅ ነው። አላፊ አግዳሚውን በ5 ብር ይመዝናል። ማታ ማታ ይማራል። ብዙዎቻችሁ በየቀኑ አጠገቡ ታልፋላችሁ።

ያኔ እንደ እብድ ነበር የምመዘነው። ጠዋት ፋርማሲ፣ ከሰዓት እሱ ጋ፣ ማታ ጎረቤት ቤት። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ተመዘንኩና ከጠዋቱ 1 ኪሎ ተኩል ጨምሬ አገኘሁት። ጠዋት ቂንጬ፣ ምሳ ላይ ጎመን በግማሽ እንጀራ ነበር የበላሁት። እዚያው መንገድ ላይ እንባዬ መጣ።

ልጁ ገንዘቡን አልተቀበለኝም። "ማዘር፣ ጠዋት የተመዘኑት የት ነው?" አለኝ። ነገርኩት። "ምሳ በልተዋል? ውሃ ጠጥተዋል? ይሄ ሹራብ ጠዋትም ነበር?" ከዚያ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃውን አንስቶ እጄ ላይ አስቀመጠና "እስቲ አሁን ይውጡ" አለኝ። ሚዛኑ 2 ኪሎ ጨመረ። "ይሄን ቢጠጡትም ያው ሁለት ኪሎ ነው። ወፈሩ ማለት ነው?"

17 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። እንደዚያ አጥርቶ ያስረዳኝ ሰው ግን አልነበረም።

ቀጥሎ ሚዛኑን ከኮብልስቶኑ አነሳና ሱቁ ደጃፍ ያለው ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠው። "ድንጋዩ ላይ ይዋሻል። እዚህ ላይ ብቻ ነው የማምነው" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕጉን እሱ አወጣልኝ። በቀን አንድ ጊዜ። ጠዋት፣ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ፣ ቁርስ ሳልበላ። ሽንት ቤት ደርሼ። ጫማ አውልቄ፣ ቦርሳና ሹራብ አስቀምጬ። ሌላ ሚዛን ላይ መውጣት የለም። ባለ 50 ቅጠል ደብተር ገዛሁ። ቁጥሩን የሚጽፈው እሱ ነው። እኔ ስጽፈው እጄ እንደሚንቀጠቀጥ አይቷል።

አንተ ልጅ፣ ይህን ስታነብ አትፈር። ሰው እንዲያውቀው እፈልጋለሁ።

የጤና ጣቢያችን የስኳርና ግፊት ክትትል ክፍል ሲስተርም አሉ። ልጁ ያየውን ነገር ምክንያቱን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ቀንሼ እየበረርኩ ሄድኩ። ሲስተር ደስታዬን አልወሰዱብኝም፤ ግን አስጠነቀቁኝ። "ቲቸር፣ ይሄ አብዛኛው ውሃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ስኳር ያጠራቅማሉ። እያንዳንዱ ግራም ስኳር ደግሞ ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ምግብ ስትቀንሺ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ብቻ ቢወርድ እንዳትደነግጪ።" በሁለተኛው ሳምንት የወረደው 300 ግራም ነበር። አልደነገጥኩም ብል እዋሻለሁ። ግን ቃላቸውን አስታወስኩ።

ደብተሩን ሳሳያቸው ደግሞ እንዲህ ሆነ። የዚያ ሳምንት ቁጥሮች እነዚህ ነበሩ፤ ሰኞ 88.4፣ ማክሰኞ 89.1፣ ረቡዕ 88.2፣ ሐሙስ 88.9፣ ዓርብ 87.8፣ ቅዳሜ 88.0። ማክሰኞ ዕለት አልቅሻለሁ። ሐሙስም ከፍቶኝ ነበር። ሲስተር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። "አማካዩ ስንት ነው?" ደመርኩ፣ ለ6 አካፈልኩ። 88.4። ያለፈው ሳምንት ደግሞ 88.7 ነበር። ሁለት ቀን ያዘንኩበት ሳምንት 300 ግራም የቀነስኩበት ሳምንት ነው።

"የስኳሩን የሦስት ወር ምርመራ የምንወደው ለዚህ እኮ ነው" አሉኝ። "የዛሬ ጠዋት ስኳርሽ ትናንት ማታ የበላሽውን ያሳያል። የሦስት ወሩ ግን ኑሮሽን ያሳያል። ሚዛንሽንም እንደዚያ አንብቢው።" አማካይ ለስንት ልጅ አስተምሬያለሁ። ለራሴ ሕይወት የተማርኩት ያን ቀን ነው።

ሲስተር እስከ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ቆይተው ያስረዱኝ ቀን ብዙ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜም የእሳቸው ባለውለታ ነው። ስኳሩ ድንበር ላይ ነበር። እኔን ሊሸኝ መጥቶ አብሮ ተቀመጠ። አሜሪካ ተሠርቶ በ2002 እ.ኤ.አ. ስለወጣው ትልቅ ጥናት ነገሩት። እንደ እሱ ስኳር አፋፍ ላይ የነበሩ ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ጥረት አድርገው፣ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። 7 በመቶ ብቻ! ወንድሜ ይኸው እስከ ዛሬ በየጠዋቱ ጃንሜዳ ይራመዳል።

ታኅሣሥ ላይ ስለገዛሁት የማክሻ ዱቄትም ልናገር፤ ብዙ እህቶቼ እየገዙት ነው። "በወር 15 ኪሎ" ተብሎ የሚሸጥ ነገር። የገዛሁበትን ቦታ አልጠራም። ሳምንት ሙሉ ሽንት ቤት ተመላለስኩ። ሚዛኑ 4 ኪሎ ወረደ። በደስታ ልጁ ጋ ሄድኩ። እሱ ቁጥሩን ሳይሆን ፊቴን አየ። "ማዘር፣ ዛሬ ደስ አላለኝም" አለኝ። "ከንፈርዎ ደርቋል። ዛሬ አልጽፈውም።" ተቆጣሁት። የራሴን ደብተር! አልጻፈውም። ሲስተር ሲያዩኝ ክው አሉ። የወጣው ውሃና ጨው ነው፣ የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ አደገኛ ነው አሉኝ። በአምስት ቀን 4ቱም ኪሎ ተመለሰ። ያ ገጽ ደብተሬ ላይ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ባዶነቱን ሳየው ልቤ ይነካል። የሠራውን ሥራ ዋጋ ማን ይከፍለዋል?

ፋሲካንስ እንዴት እረሳዋለሁ። ያለፈው ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ። 55 ቀን ጾሜ፣ ዘይቱን ቀንሼ፣ ሽሮና ምስሩን ለክቼ ቆየሁ። ከዚያ ዶሮው መጣ፣ ቅቤው መጣ፣ ዳቦው መጣ። ረቡዕ ጠዋት ስወጣ 2.4 ኪሎ ጨምሬያለሁ። ልጁ እየጠበቀኝ ነበር። "ማዘር፣ ከፋሲካ በኋላ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይናደዳል። በየዓመቱ አያለሁ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ደግሞ ይወርዳል። ዝም ብለው ይምጡ።" እኔም ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። አንድ ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። 2.4 ኪሎ ስብ ለመጨመር ከሚያስፈልገኝ በላይ ከ18 ሺህ ካሎሪ በላይ መብላት ነበረብኝ። በሦስት ቀን! አልበላሁም። ጨው የያዘው ውሃ ነው፣ ያልወጣ ምግብ ነው፣ ተመልሶ የተጠራቀመው ስኳርና ውሃው ነው። በ11ኛው ቀን 2.1 ኪሎ ወርዷል።

የዕድራችን አባላት፣ የማኅበር እህቶቼ፣ የትምህርት ቤታችን መምህራንና የጥበቃ ሠራተኞች፣ ዋሽንግተን ያሉት የአክስቴ ልጆች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

የወንድሜን ሚስት ግን ለብቻዋ ማመስገን አለብኝ። እሷ ቤት ሳይጎርስ የወጣ ሰው የለም። "በሞቴ" ካለች አለቀ። እኔ ከታመምኩ ጀምሮ አንድም ቀን "በሞቴ" አላለችኝም። ለእሷ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እጇን ወደ ገበታው ዘርግታ ስትመልሰው አይቻለሁ። እህቴ፣ ያ ያልሰጠሽኝ ጉርሻ ከሁሉ ጉርሻ ይበልጣል።

"ከሳሽ፣ ጠቆርሽ፣ ምን ነካሽ?" ያላችሁኝንም አልቀየምም። እኛ አገር ወፈርሽ ማለት ተመቸሽ፣ ከሳሽ ማለት ታመምሽ ነው። ፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ግን ሚዛኑ በቆመበት ሰሞን ያ ቃል በጣም ይከብድ ነበር።

የቆመበት ሰሞን። እዚህ ላይ ነው ለመጻፍ የምፈራው።

ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ 86 ላይ ቆመ። ሰኔ 86። ሐምሌ 86፣ 86.3፣ 85.9፣ 86። ያው ምግብ፣ ያው እርምጃ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ዝናቡ መጣ። ሳልመዘን አንድ ሳምንት ቆየሁ። ከዚያ ሦስት ሳምንት። ልጁ ፊት መቆም አፈርኩ። ማታ ማታ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ጀመርኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የቀድሞ ተማሪዬ በሩን አንኳኳ። በዝናብ የራሰ፣ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ልጁ መንገድ ላይ አግኝቶት "የቲቸርን ቤት ታውቃለህ?" ብሎ ነው የላከው። ወረቀቱ ላይ የመጨረሻዎቹ አሥር ቁጥሮች ተጽፈዋል። ደብተሩ እኔ ጋ ነው፤ በቃሉ ይዟቸው ነበር። ከሥር እንዲህ ይላል፦ "ማዘር፣ 94 ሆነው አልጠፉም። 86 ሆነው ለምን ይጠፋሉ? ሚዛኑን ላስቲክ አልብሼዋለሁ። ዝናብ አይነካውም።"

አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። በማግስቱ ጃንጥላ ይዤ ሄድኩ። 87.2። ጻፈው። "እንኳን ደህና መጡ" አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም።

በዚያው ሳምንት ሲስተር ጋ ሄድኩ። እንደ ልብስ ሰፊ በሜትር ወገቤን ለኩኝ። ግንቦት ላይ 101 ሴንቲ ነበር። 98 ሆኗል። ሚዛኑ ቆሞ ወገቤ ቀንሷል። ለምን እንደሚቆምም አስረዱኝ። "94 ሆነሽ ዳገት ስትወጪ 94 ኪሎ ነበር የምትሸከሚው። አሁን 86 ነው። ሰውነትሽ ያን ያህል ማገዶ አይፈልግም። ያኔ የሚያከሳሽ ምግብ ዛሬ ባለሽበት የሚያቆይሽ ነው። ስብ ሲቀንስ ደግሞ ጠገብኩ የሚለው መልእክት ይደክማል፣ ራበኝ የሚለው ይበረታል። ስንፍና አይደለም፣ ቲቸር። ሰውነት ነው።" ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። "ከ94 ኪሎ 5 በመቶ 4.7 ኪሎ ነው። ስኳርሽ መሻሻል የጀመረው ያኔ ነው። አሁን ያለሽው ከዚያ በላይ ነው።" ሻዩን ያለ ስኳር አደረግኩ። እርምጃው ላይ 15 ደቂቃ ጨመርን፤ ሐምሌና ነሐሴን በቤቴ ኮሪደር ተመላለስኩ። ከመስከረም በኋላ ቁጥሩ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ። ቀስ ብሎ። አንዳንድ ወር ግማሽ ኪሎ፣ አንዳንድ ወር ምንም።

ልጄ ሆይ፣ የኔ ቆንጆ፣ በሌሊት ተነስተሽ አብረሽኝ ስትራመጂ ተኝተሽ መዋል የምትችይባቸው ቅዳሜዎች ነበሩ። ለአንቺ የምለው ቤት ውስጥ ነው፤ እዚህ አልችልም።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። ደውላችሁ ያላገኛችሁኝ፣ ሆስፒታል መጥታችሁ ተኝቼ ያገኛችሁኝ፣ ሻማ ያበራችሁልኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ። ያን ጊዜ ማን መጥቶ ማን እንደሄደ የማላስታውስባቸው ቀናት አሉ። ያመጣችሁት አጥሚትና ፍራፍሬ ግን ቤቴ ሞልቶ ነበር። ፈጣሪ ብድራችሁን ይመልስልኝ።

አንተ ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተናህ ሰኔ ላይ ነው። ስለ አማካይና ስለ መቶኛ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ፤ አልጀብራው ግን ይቀርሃል። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ና። ምግብ እየበላን እንሠራዋለን።

ደብተሩ ሐሙስ ዕለት አልቋል። አዲስ ገዝቻለሁ። ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ እመጣለሁ። ሚዛኑን ሲሚንቶው ላይ አድርገህ ጠብቀኝ።

አክባሪያችሁ፣
የሒሳብ መምህርታችሁ
ጥር 2018፣ አዲስ አበባ