ለድሬዳዋ ጤና ቢሮ፦ አዲሱ የሚጥል በሽታ አመዳደብ ወረቀታችን ላይ ይግባ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ የሚጥል በሽታ ታካሚዎች ካርድና የሪፈር ወረቀት እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የተከበሩ የቢሮው ኃላፊ፣

በከተማችን በተመላላሽ ሕክምና የምሠራ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ይህን በግልጽ የምጽፈው ነገሩ ብዙ ባልደረቦቼን ስለሚያነታርክ፣ መፍትሔው ደግሞ በአብዛኛው በቢሮው እጅ ስለሆነ ነው።

አብዛኞቻችን የሲዠር (በሽታው ሲነሳ የሚታየው መንቀጥቀጥ ወይም መፍዘዝ) ዓይነቶችን የተማርነው እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው አመዳደብ ነው፤ ሲምፕል ፓርሻል፣ ኮምፕሌክስ ፓርሻል እያልን። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሊግ ፎካል (ከአንድ የአንጎል ክፍል የሚነሳ)፣ ጀነራላይዝድ (ከሁለቱም የአንጎል ጎን የሚነሳ) እና መነሻው ያልታወቀ ብሎ ቀየረው። እሱን በቅጡ ሳንለምድ በ2025 ሌላ ማሻሻያ መጣ፤ አራት ዋና ምድቦችና 21 ዓይነቶች ያሉት።

አንጋፋ ሐኪሞቻችን በዚህ ተማረዋል። «ስም ቢቀያየር ለታካሚው ምን ይፈይድለታል? የምንሰጠው ያው ፌኖባርቢታል ነው» ይላሉ። ኢንተርኖች (ተለማማጅ ሐኪሞች) አዲሱን ይዘው ይመጣሉ፤ ራውንድ ላይ የሚሰሙት ግን አሮጌውን ስለሆነ ብዙም ሳይቆዩ ይተዉታል። ታካሚውን ከሁሉም ቀድመው የሚያዩት የጤና ጣቢያ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ጋ ደግሞ ወሬውም አልደረሰም። የአንጋፋዎቹን ምሬት አልንቀውም። የአንጎል ሞገድ መመርመሪያው ኢ ኢ ጂ እንደ ልብ በማይገኝበት፣ በአንድ ጠዋት ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶ በሚውልበት ቦታ፣ ሥልጠና ሳይሰጥ «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ጻፉ» ማለት ማንንም ያሰለቻል።

ቢሆንም አዲሱ አመዳደብ ከማንም በላይ ለእኛ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ከማሽን በፊት የሚጠይቀው የታየውን ነው። መጀመሪያ ምን ሆነ? ልቡናው አብሮት ነበር? ቀጥሎስ?

አንድ አባት ልጁን ይዞ ከገንደ ቆሬ መጣ። ከላከው ጤና ተቋም የመጣው የሪፈር ወረቀት ላይ «ጂ ቲ ሲ፣ በፌኖባርቢታል ላይ» (መላ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ ሲዠር አለው፣ ፌኖባርቢታል ይወስዳል ማለት ነው) ከሚለው በስተቀር ምንም የለም። ሲጥለው በምን እንደሚጀምር ስጠይቀው አማርኛውን ትቶ በኦሮምኛ እያስረዳ የራሱን ግራ እጅ አነሳና አውራ ጣቱ እንዴት እንደሚርገበገብ አሳየኝ፤ ከዚያ አፉ ወደ ግራ ይሳባል፣ ከዚያ ነው የሚወድቀው። ይህ ከአንድ የአንጎል ክፍል ተነስቶ ወደ ሁለቱም ጎን የሚዛመት ሲዠር ነው፤ መንስኤውን ለማወቅ የጭንቅላት ምስል ያስፈልገዋል። አባትየው ይህን ሁሉ ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር። የሚጻፍበት መስመር ስላልነበረ ማንም አልጠየቀውም። ብዙ አስታማሚ ክብሪት ጭሮ ለማሽተት ሲሯሯጥ መጀመሪያ የታየው ምልክት ያመልጠዋል፤ እንደዚህ አባት ልብ ብሎ ያየ ሲገኝ ያየውን አለመመዝገብ ትልቅ ጥፋት ነው።

መድኃኒቱም ሁልጊዜ ያው አይደለም። ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች ፈዝዛ የምትመለስ፣ መምህሯ «ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው» የሚላት ልጅ ሕመሟ አብሰንስ (ሳይጥል ለአፍታ የሚያፈዝ ጀነራላይዝድ ሲዠር) ሊሆን ይችላል። ይህ በስህተት ፎካል ተብሎ ካርባማዜፒን ከታዘዘላት መፍዘዙ ሊብስባት ይችላል፤ ካርባማዜፒን ለፎካል ግን ጥሩ መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአግባቡ ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ሕመምተኞች ከሲዠር ነፃ ሆነው መኖር ይችላሉ። በአግባቡ ማከም የሚጀምረው ዓይነቱን ከመለየት ነው።

ከቢሮው የምንጠይቀው ብዙ ወጪ የለውም። በክትትል ካርዱና በሪፈር ወረቀቱ ላይ ሲዠሩ በምን እንደጀመረ፣ ታካሚው ሲጠሩት ይመልስ እንደነበር፣ ቀጥሎ ምን እንደታየና ምን ያህል እንደቆየ የሚጻፍባቸው ጥቂት መስመሮች ይጨመሩ። ጥያቄዎቹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ታትመው ጤና ጣቢያዎች ይድረሱ፤ አስታማሚ በስልኩ ቪዲዮ እንዲቀርጽም ይነገረው። ወርሃዊ ሪፖርቱ እንዳለ ይቀጥል፣ ሥራ አይብዛብን። በነባር ካርዶች ላይ አሮጌው ስም ሳይሰረዝ አዲሱ ከጎኑ ቢጻፍ ክትትል አይቋረጥም፤ የአንጋፋዎቹም ልምድ አይባክንም። ለአእምሮና ለነርቭ ሕመሞች በሚሰጠው የኤምኤች ጋፕ ሥልጠና ውስጥ ግማሽ ቀን ለዚህ ቢመደብ ደግሞ ነርሶቹም ጤና መኮንኖቹም ይደርሳቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእኛ ሪፈር የሚጻፍለት ብዙ ታካሚ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐረር ይሄዳል። ድሬዳዋ በአንድ አመዳደብ ጽፋ ሐረር በሌላ ብታነብ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ከሐረሪ ክልል ጤና ቢሮ ጋር በመነጋገር አንድ ዓይነት ይሁን።

ረቂቁን በነፃ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ የሆንን ሐኪሞች አለን። ቀን ቆርጣችሁ ጥሩን፤ ረቂቁን ይዘን እንመጣለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጠቅላላ ሐኪም፣ ድሬዳዋ