ይድረስ ለወንድሜ ለሰይድ

ሰይዴ፣ እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴን በክፉ አትየው፤ ወላሂ ከልቤ ወጥተህ አይደለም። ሰሞኑን ደሴ ወጥቼ እናትህን አገኘኋቸው። አዲስ አበባ የለስላሳ ፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ሆኗል አሉኝ። እንኳን ደስ ያለህ! እኔ እዚሁ ኮምቦልቻ የፋብሪካ ደህንነት እየገመገምኩ ነውና ወሬውን ስሰማ መጋዘንህ አሳሰበኝ።

ሰው ለስላሳ ሲባል ስኳርና ጋዝ ብቻ ይመስለዋል። አንተ ግን አሁን ታውቀዋለህ፦ ጠርሙሱ በትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፣ ቧንቧው በአሲድ ይጸዳል፣ ውሃው በክሎሪን ይታከማል።

እኔ መጋዘን ስገባ በርሜል አልቆጥርም። ማን ከማን ጎን እንደተቀመጠ ነው የማየው። በረኪናና አሲድ ጎረቤት ከሆኑ ጉድ ነው። ሁለቱ ፈስሰው ከተገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጋዙ አየርን 2.5 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል። ጎንበስ ብሎ የሚወለውለውን ሠራተኛ ቀድሞ ያገኘዋል።

አንድ ቦታ ሁለቱን በግድግዳ ለይተዋቸዋል። ጎሽ ልል ስል ወለሉን አየሁ፤ የሁለቱም ክፍል ቦይ አንድ ነው! ግድግዳው ምን ሊሠራ? እዚህ ደግሞ ከግቢ ያመለጠ ነገር ቦርከና ወንዝ ይገባል፤ ታች ከብት ይጠጣበታል። ስለዚህ የሚፈሰውን የሚይዝ ገንዳ ለየብቻ አሠራላቸው። ገንዳው የትልቁን ዕቃ 110 በመቶ ይያዝ። የ1,000 ሊትር ታንከር ካለህ 1,100 ሊትር ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ባዶ ጠርሙስ ነው። እናንተ ጋ እንደሆነ ሞልቷል። የተራረፈ ኬሚካል ተገልብጦበት ጥግ ላይ ይቀመጣል። የተጠማ ሰው ምን ያውቃል? በዚህ ላይ ይሉኝታ አይያዝህ፣ ያገኘኸውን ሁሉ አስወግድ። የኬሚካል ዕቃ ስሙ ተጽፎበት ለብቻው ይሁን።

የዓይን ማጠቢያውን ራስህ ክፈተው። በፊቱ ፓሌት ተደርድሮበት አይቻለሁ። ኮስቲክ ዓይን ከገባ ወደ ውስጥ እየበላ ነው የሚሄደው፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ መታጠብ ያስፈልጋል።

አለቃህ «እስከ ዛሬ ምን ሆነ?» ማለቱ አይቀርም። ሁሉም ይላል። አንተ የመጋዘኑን ንድፍ በእጅህ ሳልና በቴሌግራም ላክልኝ። ቦዩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚወጣ በቀስት አሳየኝ። አይቼ እደውልልሃለሁ።

ወንድምህ አህመድ
ኮምቦልቻ