ለአብሮ አደጌ፣ ከላንዡ

አሰላሙ አለይኩም ወንድሜ፣

እንዴት ነህ? እማማስ? ልጆቹስ አደጉ? ከአንድ ዓመት ከሰባት ወር ዝምታ በኋላ "እንዴት ነህ" ማለት ራሱ አፍ ይይዛል።

እዚህ ቻይና ቴሌግራም እንደልብ አይሠራም፣ ዋትሳፕም ያው ነው። ቪፒኤኑ ሲሠራ ይገባል፤ ሲቋረጥ ሳምንት ይጠፋል። ይህን ሰበብ ላደርገው እችል ነበር። አላደርገውም። አባባ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ቁጥርህን አወጣሁ፣ አየሁት፣ ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት። "ነገ እደውላለሁ" አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። ከዚያ ወዲያ ለምን እንደዘገየሁ ማስረዳቱ ከመደወሉ በላይ ከበደኝ። አላህ ይዘንላቸው፣ ጀነትን ይወፍቃቸው። ለናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ። አፉ በለኝ።

ዛሬ እንድጽፍልህ ያደረገኝ አንድ ኑድል ቤት ነው።

ከማደሪያዬ ወጥተህ አስፋልቱን ስትሻገር ጥግ ላይ ታገኘዋለህ። ስድስት ጠረጴዛ፣ አረንጓዴ ታፔላ። ከቻይና ፊደል መጀመሪያ ለይቼ ያወቅኋቸው ታፔላው ላይ ያሉትን ሁለቱን ነው። "ቺንግጄን" ተብለው ይነበባሉ። ቃሉ ሲፈታ "ንጹህና እውነተኛ" ነው፤ ሐላል ለማለት የሚጽፉት ይህን ነው። ላንዡ ውስጥ ሑይ የሚባሉ ቻይናውያን ሙስሊሞች ብዙ ናቸው። በመጣሁ በሦስተኛው ቀን፣ ምን እንደምበላ ግራ ገብቶኝ በብስኩት ስውል ስከርም ወደዚህ ቤት ገባሁ። ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ። "አሰላሙ አለይኩም" አልኳቸው። መለሱልኝ። ከዚያ ሌላ የምንግባባበት ቃል አልነበረንም። ወንበር ግን ተሳበልኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በር ላይ ትከፍላለህ፣ ቁራጭ ወረቀት ይሰጡሃል፣ እሷን ይዘህ ወደ ኩሽናው መስኮት ትሄዳለህ። እዚያ የምትናገረው ውፍረቱን ብቻ ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነ አለ፣ እንደ ቀበቶ የሰፋም አለ። እኔ መካከለኛውን፣ "አርሺ" የሚሉትን እወዳለሁ። ጥርስ ላይ ይሰማል፣ ቶሎም አይልፈሰፈስም።

አሁን አንተ ዳቦ ጋጋሪው የምትጠይቀኝ ጋ ደረስኩ። ሊጡ እርሾ የለውም። ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ እና አመድ! አዎ፣ አመድ። በደረቅ ምድር የሚበቅል አንድ ቁጥቋጦ አለ፤ እሱን አቃጥለው ነው ድሮ የሚያዘጋጁት። ሊጡ ሳይበጠስ እንዲለጠጥ ያደርገዋል፣ ቢጫ ቢጫም እንዲል። ዛሬ ብዙዎቹ ከፋብሪካ የሚመጣውን ነው የሚጨምሩት። ሽማግሌው የክንድ ያህል ሊጥ ያነሳሉ። ጫፍና ጫፉን ይዘው ይስቡታል፣ ያጥፉታል፣ ደግመው ይስቡታል። አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት። በሳቡት ቁጥር መሐሉ መደቡን ጧ! ያደርገዋል፣ ዱቄቱ ብን ይላል። አንድ ቀን ቆጠርኩ፤ ስምንት ጊዜ ሳቡ። 256 ክር ማለት ነው፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ። ከዚያ ጫፉን በጥሰው ወደሚፈላው ውሃ ወርወር።

አባባን ያመጣብኝ ያ ድምፅ ነው። ሌሊት በ9 ሰዓት ዳቦ ቤቱ ጓሮ የዱቄት ጆንያ ላይ ተጋድመን ስንሰማው ያደግነው። አስታውሰህ እንደሆነ ሊጡን በጣታቸው ጫን አድርገው ይለቁት ነበር። ቀስ ብሎ ከተመለሰ "ደርሷል፣ ተነሱ" ይሉናል። እኚህም ይጫኑታል። የሚፈልጉት ግን ተቃራኒውን ነው። ከተመለሰ ገና ነው፣ ሲሳብ ይበጠሳል። እንደተጫነ ከቀረ ደርሷል። አንድ ጠዋት ይህን ሲያደርጉ አየሁና መብላት አቃተኝ። ቾፕስቲኩን ይዤ ቀረሁ። መረቁ ቀዘቀዘ። ሽማግሌው ዝም ብለው መጥተው ሳህኑን አነሱ፣ ትኩስ መረቅ ጨመሩበት፣ መልሰው ፊቴ አስቀመጡት። ምንም አልጠየቁኝም። እኔም አልቅሼ በላሁ።

መረቁ የከብት አጥንትና ሥጋ ተቀቅሎ የሚወጣ ነው፤ ቅመሙ ብዙ ነው፣ መልኩ ግን እንደ ሻይ ጥርት ያለ። የከተማው ሰው መለኪያ አለው፦ አንድ ጥርት፣ ሁለት ነጭ፣ ሦስት ቀይ፣ አራት አረንጓዴ፣ አምስት ቢጫ። ጥርቱ መረቁ ነው፣ ነጩ ፍጅል፣ ቀዩ በርበሬ የገባበት ዘይት፣ አረንጓዴው የድንብላልና የነጭ ሽንኩርት ቅጠል፣ ቢጫው ኑድሉ። በርበሬያቸው ከኛው አይደርስም፤ ሽታው ግን ደስ ይላል። እኔ አቼቶ ጠብ አደርግበታለሁ። ማ ባኦዚ የሚባል ሑይ እ.ኤ.አ. በ1915 ገደማ ኑድሉን እዚሁ ከተማ እያዞረ ሲሸጥ ነው ስሙ የወጣው ይላሉ። የላንዡ ሰው የሚበላው ጠዋት ነው፣ እኛ ፉል እንደምንለው። ከቀትር በኋላ ብዙው ቤት ይዘጋል።

አጎትህ ለዕቃ ጓንዡ ይመላለሱ የለ? እዚያም "ላንዡ ላሚየን"፣ የላንዡ የሚሳብ ኑድል፣ የሚል ታፔላ በየመንገዱ አለ። በየከተማው አብዛኞቹን የከፈቱት ግን የላንዡ ሰዎች አይደሉም፤ ከጎረቤት ክፍለ ሀገር፣ ከቺንግሃይ የወጡ ናቸው። የዚህን ከተማ ሰው ይህን ብትለው ሆዱ ይባባል። "የኛ አይደለም፣ መረቁን አያውቁትም" ይሉሃል። ቢሆንም ይቅመሱት በልልኝ፤ ሐላል ነው፣ ትኩስ ነው፣ ያጠግባል።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌውን ሊጡን እንዲያስነኩኝ በምልክት ለመንኳቸው። ሳቁና ቁራጭ ሰጡኝ። ሁለት ጊዜ ሳብኩት፤ በሦስተኛው ተበጠሰ። አንተ ብትሆን ኖሮ አይበጠስም ነበር። እጅህ የአባባ እጅ ነው። ዳቦ ቤቱን አንተው እንደያዝከው ሰምቻለሁ፤ ደስ ብሎኛል። እንጨት ነው አሁንም የምታነዱት? የሌሊቱን ሊጥ ማን ያቦካል?

ጁምዓ ከሶላት ስወጣ እደውላለሁ። እዚህ 8 ሰዓት፣ እናንተ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት ይሆናል። እጅህ ሊጥ ቢሆንም አንሳው።

ወንድምህ