ቡችላውን ስትጠሪው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የሁለት ወር ቡችላ ቤትሽ ማስገባትሽን እናትሽ ነግራኝ ደስ ብሎኛል። በስልክ ከማወራሽ ይልቅ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ያልኩት ግን፣ እኔ ውሻ ሳሳድግ የሠራሁትን ስሕተት አንቺ እንዳትደግሚው ስለፈለግሁ ነው።

ውሻችንን መቻልን ታስታውሽዋለሽ። አንድ የገና ዕለት ጠዋት ለበዓል የተሰቀለውን ሥጋ ጎትቶ በላ። ከሰዓት በኋላ ነገሩን ሳውቅ በስሙ ጠራሁት፤ እሱም ጭራውን እየቆላ ሲመጣ በከዘራ መታሁት። ጠዋት ለሠራው ጥፋት ከሰዓት በኋላ ስለመታሁት፣ የተማረው ሥጋ መስረቅ እንደሚያስመታ ሳይሆን ሲጠሩት መምጣት እንደሚያስመታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙን በጠራሁ ቁጥር ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ ሆዱን ወደ መሬት አስጠግቶ፣ እጄ ከማይደርስበት ይቆም ጀመር። የግቢው በር ተከፍቶ የወጣ ዕለትም እስከ አስፋልቱ ዳር እየተከተልኩ ጠራሁት፤ ዘወር ብሎ አየኝና ወደ እኔ ከመምጣት ይልቅ መንገዱን ሊሻገር ገባ። ላንቺ ያኔ «ጠፋ» ብለን ነበር የነገርንሽ፤ የሞተው ግን መኪና ገጭቶት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመሽ ስሙን አስተምሪው። ሲጠራ ዘወር ብሎ ሲያይሽ ሽንብራ የምታህል ቁራጭ የተቀቀለ ሥጋ ወዲያው ስጪው፤ በጾም ቤት ውስጥ ሥጋ ባይኖር ዳቦም ይበቃል። ሽንኩርት ውሻን ስለሚመርዝ ወጥ የነካው ነገር ግን አይቅመስ። ሽልማቱ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ ከዘገየ ለምን እንደተሰጠው አይገባውም። ልታጥቢው ወይም ልታስሪው ስትፈልጊ ራስሽ ሄደሽ ያዢው እንጂ አትጥሪው፤ ጥሪሽ ምንጊዜም የደስታ ይሁንለት።

«ተቀመጥ» ማለትን ለማስተማር ቁራጯን ከአፍንጫው ፊት ይዘሽ ቀስ እያልሽ ከራሱ በላይ ወደ ኋላ ውሰጃት፤ እሷን ለማየት ቀና ሲል መቀመጫው በራሱ ጊዜ መሬት ይነካል፤ በዚያች ቅጽበት ሸልሚው። አንቺ «ተቀመጥ»፣ ባልሽ ደግሞ «ቁጭ በል» የምትሉት ከሆነ ግራ ይጋባልና በአንድ ቃል ተስማሙ። ቡችላ ቶሎ ስለሚሰለች ልምምዱ በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይብለጥ።

ሽንቱን በሚመለከት፣ ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ በልቶ ሲጨርስና ተጫውቶ ሲያበቃ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ አውጪው፤ በዚህ ዕድሜው ከሁለት ሰዓት በላይ መቋጠር ይከብደዋል። ቤት ውስጥ ቢያመልጠው፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው አፍንጫውን እዚያው ላይ ማሸት ከፍርሃት በቀር የሚያስተምረው ነገር የለም። ይልቅስ ሽታው እስኪጠፋ በሳሙናና በአቼቶ እጠቢው።

በእኛ አገር ውሻ ኃይለኛ እንዲሆን ተብሎ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ይታሰራል፤ እኔም አድርጌዋለሁ፤ አንቺ ግን፣ እባክሽ፣ አታድርጊው። እስከ ሦስት ወር ተኩል ገደማ ያለው ዕድሜው ያየውን ሁሉ የሚለምድበት ስለሆነ፣ የባጃጁን ድምፅ፣ እንግዳውን፣ ጃንጥላ የያዘውን ሰው፣ የጎረቤቱን ሕፃን አሁን ይወቅ። ክትባቱን እስኪጨርስ ድረስ የመንገድ ውሾች በሚመላለሱበት ቦታ መሬት ላይ ሳታስቀምጪው ታቅፈሽ አሳዪው። ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋ፤ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ከተማ ስለሆነ ሐኪም አታጪም።

ማን ብላችሁ እንደሰየማችሁት ጻፊልኝ። ለፋሲካ ስንመጣ ቁራጭ ዳቦ በኪሴ ይዤ፣ ከበሩ ላይ ሆኜ በስሙ እጠራዋለሁ።

አባትሽ